ማንም አልሞተም

ሰብለ በቀለ ስትደውልልኝ ከሰላምታ በፊት የምታስቀድመው ነገር አላት። «ማንም አልሞተም» ትላለች፤ ከዚያ ነው «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» የሚከተለው። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ከዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ እንግዳ ተቀባዮች ሞተር አጥፍተው በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የእህቴን ልጅ እጠብቅ ነበር።

«ማንም አልሞተም። ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ቢዚ ነዎት?»

«ሰው እየጠበቅኩ ነው። ተናገሪ።»

«ሶ፣ ለፕራይመሪው የምንሠራው ሰርቬይ አለ። ዘንድሮ በአማርኛም እንጠይቃለን። ትርጉሙን አሠርተው ላኩልኝ፤ ግን፣ ማለቴ፣ ሰው እንደዚህ አያወራም። ያዩልኛል?»

«ላኪልኝ።»

«ማክሰኞ ደግሞ እትዬ አልማዝ ላይ ቴስት አደርገዋለሁ። እርስዎም ፕሌኖ ይምጡ። ሦስታችንም ስልክ ላይ የጀመርነው ነገር ነው።»

የመጨረሻውን እየሳቀች ነው ያለችው። ሰብለ ዛሬ ፕሌኖ ውስጥ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ መራጮች የሚጠየቁትን ጥያቄ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ሥራዋን በደንብ እንደምትሠራ የማውቀው ስለነገረችኝ አይደለም፤ ስትጀምር አይቻታለሁ። ስልኩን ዘግቼ በአጥሩ ማዶ ስመለከት ረጃጅም መጋዘኖች ቆመዋል። መስኮቴን ዝቅ ሳደርግ ግን የመጣብኝ የድሮው ሽታ ነው፤ ፀሐይ የመታው አስፋልትና የአውሮፕላን ነዳጅ ተቀላቅለው። ያ ሽታ መጋዘኖቹን ከፊቴ አነሣቸው።

መጋዘኖቹ ባሉበት ቦታ ያኔ የነበረው አንድ የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው የታክሲዎች ሜዳ ነው። ሾፌሮቹ ተራቸው እስኪደርስ እዚያ ይሰለፋሉ። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ከአንዱ መኪና የትዝታ ካሴት ይሰማል፣ ከሚቀጥለው መዝሙር፣ ከሦስተኛው የእንግሊዝኛ ዜና። በመኪና ኮፈን ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ነጭ ሸሚዝ ግዴታ ነበር፤ ክራባት ግን አብዛኛው ሰው ቋጥሮ ከመስተዋቱ ላይ ያንጠለጥልና ተራው ሲደርስ ብቻ አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል። የሰብለ አባት በቀለ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን፣ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ቡናማ ኮቱን በቴክሳስ ሐምሌም አያወልቅም ነበር። «ይሄ ኮት ሲወልቅ እኔም ወለቅኩ ማለት ነው» ይል ነበር። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም። ወደ አገር ቤት መደወያ ካርድ አምስት ዶላር ነበር፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ግማሹም ሳይደርስ በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትሰናበትሃለች። ግሪንቪል ጎዳና ማዕዘን ላይ ባለችው ግሮሰሪ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ካልደረስክ በርበሬውም ወሬውም ያልቅብሃል። ዓመቱን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ የጋዜጣዬ ቅጂዎች ጋራዤ ውስጥ አሉ፤ ለዚህ ታሪክ ግን ኪሳችን ውስጥ ገና ሞባይል እንዳልነበረና የቤት ስልክ ሲጮህ ማን እንደሚደውል ሳናውቅ እናነሣ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ጋዜጣ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ስምንት ገጽ ነበረች፤ በፎቶ ኮፒ ተባዝታ በስቴፕለር የምትጠረዝ፣ በግሮሰሪውና በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ የምትቀመጥ። ጋዜጠኝነትን አዲስ አበባ ተምሬዋለሁ፤ እዚህ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሪቻርድሰን ውስጥ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለ ፎቅ ላይ ሰዎችን በስልክ አስተያየት የሚጠይቅ ድርጅት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ እሠራለሁ። በጨርቅ መከለያ የተከፋፈለ አዳራሽ፣ ግራጫ ምንጣፍ፣ ጆሮ ላይ የሚጠብቅ የስልክ ማዳመጫ። ከጎኔ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ እንደኔ ከሩቅ የመጡ ሰዎች። አለቃችን ዶርቲ የምትባል ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሹራብ የምትደርብ አሜሪካዊት ነበረች። ከማናችንም መስመር ላይ ገብታ ታዳምጣለች፤ መቼ እንደምትገባ አታውቅም። የመጀመሪያው ቀን የነገረችኝን እስከ ዛሬ እንዳለ አስታውሰዋለሁ። «የተጻፈውን አንብብ። ያልተጻፈውን አታንብብ። መልስ ሲሰጡህ 'ጥሩ' አትበል፤ ጥሩ ካልካቸው ሁለተኛም ጥሩ ሊሰጡህ ይሞክራሉ።» አንዳንዱ ተጠያቂ ከየት አገር እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ «የመጨረሻውን ጥያቄ ስንጨርስ እነግርዎታለሁ» እል ነበር። ሰው የሚያናግረውን ሰው ካወቀ መልሱን በዚያ ሰው ልክ ይቆርጥለታል። የተወዳዳሪዎቹን ስም እንኳ ለአንዱ ከግራ ለሌላው ከቀኝ እያስጀመርን ነበር የምናነበው። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ምርጫ ሰሞን «እገሌ እየመራ ነው» የሚል ወሬ ስሰማ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ማን ጠየቀ ነው፤ ሁለተኛው እንዴት ጠየቀ። ይህ ልማድ አላሳፈረኝም።

በዚያ የፕራይመሪ ሰሞን በአንደኛው ፓርቲ ውስጥ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ሁለት ሰዎች ይፎካከሩ ነበር። ሾፌሮቹ ስማቸውን ትተው አንዱን «ሴናተሩ»፣ የአንድ ግዛት አስተዳዳሪ የሆነውን ሌላውን «ገዥው» ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበል። ሰብለ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ፀጉሯን በትልቅ ጨርቅ አስራ፣ የሴናተሩን ፎቶ የያዘ የዘመቻ ባጅ ደረቷ ላይ ሰክታ ለዘመቻው በነፃ ትሠራለች። አንድ ቀን የጋዜጣዬ ቢሮ ወደምላት የመኝታ ቤቴ ጥግ መጣች። ያኔ «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ አንቱታው ከሽበቴ ጋር ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ ሴናተሩ ወደ ዳውንታውን ሲሄድ የእነ አባዬ ሜዳ ላይ ስቶፕ ያደርጋል። ከነካሜራው።»

«ማን አለ?»

«የካምፔይኑ ሰዎች። ግን የሐበሻ መራጭ ከሱ ጋር መሆኑን የሚያሳይ ነገር አምጪ አሉኝ። ጋዜጣ ላይ የወጣ ፖል፣ ስንት ሰው ማንን እንደሚመርጥ። እስከ ፍራይደይ።»

«ለአባትሽ ነግረሻል?»

«ለሁሉም ነግሬያለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሜዳው ላይ አንዲት ዛፍ የለችም። ሾፌሮቹ ጥላ እንዲሠራላቸው ኩባንያውን ሁለት በጋ ሲለምኑ ከርመዋል፤ በቀደመው ነሐሴ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ተራውን ሲጠብቅ ወድቆ በአምቡላንስ ተወስዷል። የሴናተር ካሜራ አንድ ቀን ያን አስፋልት ቢያሳይ ኩባንያው እንደሚያፍር ሁሉም ገብቷቸዋል። ሰብለም ቃሏን ለአባቷና ለጓደኞቹ ሁሉ ሰጥታለች። እሷ ዘንድ የነበረው ጉዳይ የሴናተሩ ማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ በቀለ ፊት ስትቆም ቃሏ ቃል ሆኖ መገኘቱ ነው።

«ጥናቱን ማን ይጠይቃል?» አልኳት።

«ጀምረናል። እትዬ አልማዝ እየደወሉልኝ ነው። ሰው ሁሉ ለሳቸው ስልክ ያነሣል።»

ማንሣቱ እውነት ነው። ለምን እንደሚያነሣ ግን ልንገራችሁ። አገር ቤት እድር ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል። ዳላስ ውስጥ በማለዳ ጥሩምባ ቢነፋ የሚመጣው ፖሊስ ነው፤ ስለዚህ እኛ እትዬ አልማዝ ነበሩን። የእድራችን ደዋይ እሳቸው ናቸው። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም ያለበት እድር ስለሆነ የሁሉንም ቤት ቁጥር በቃላቸው ይዘዋል። የሞተ ሲኖር፣ አገር ቤት የሞተም ቢሆን፣ ወሬው የሚደርሰን በእሳቸው ለስላሳና ቀስ ያለ ድምፅ ነው። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውን ስትሰማ ግን የቤተሰብህን ስም መቁጠር ትጀምራለህ።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ከሰብለ ጋር ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክሬም ቀለም ስልክ አላቸው፤ ሽቦው እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ ይዘረጋል። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ድምፁን ከፍ አድርገውታል፤ ከወዲያ በኩል የሚባለው ሁሉ እኛ ጋ ይሰማል።

«ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። አልማዝ ነኝ።»

ወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው ሬዲዮ ተዘጋ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ «ማን ነው? እትዬ አልማዝ፣ ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም። ተረጋጊ።»

«እናቴ ናት?»

«እናትሽ ደህና ናቸው። ማንም አልሞተም አልኩሽ እኮ። ስለ ፕሬዚዳንት ነው።»

«ፕሬዚዳንቱ ሞቱ?»

«አልሞቱም። የሚወዳደሩት ናቸው። ሴናተሩ አለ፣ ገዥው አለ። ማንን ትመርጫለሽ?»

«ውይ እትዬ፣ አስደነገጡኝ። ቁጭ ልበል። እርስዎ የቱን ይላሉ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ። የበቀለ ልጅ ለሴናተሩ ነው የምትሠራው። ጎበዝ ልጅ ናት።»

«በቃ ሴናተሩ ይሁን። ተመስገን። ብቻ ክፉ አያሰማን።»

እትዬ አልማዝ ስልኩን ሰቅለው ወደ ሰብለ ዞሩና «ጻፊ፣ ሴናተሩ» አሉ። ሰብለ ጻፈች። ሌላ ቤት ደወሉ። ያኛው ሰው ወንድ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነው፣ ከዚያ ስለ አጎቱ፤ ማንም እንዳልሞተ ሲያረጋግጥ የሳቀው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እሱም ሴናተሩን አለ። ሦስተኛውም። የሴናተሩን ስም ሁለት ጊዜ የጠራ ሰውም ነበረ፣ አንዴ ለራሱ አንዴ ለሚስቱ። ሴናተሩ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ድጋፍ ያገኘበት ሌላ ወጥ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወጥተን መኪናው ዘንድ ስንደርስ የማላትመው መሆኑን ነገርኳት።

«ለምን? ሰው የመለሰውን ነው የጻፍኩት። አንድም አልጨመርኩም።»

«አልጨመርሽም። ግን የለካሽው ሴናተሩን አይደለም፤ የለካሽው ሰው ባለመሞቱ የተሰማቸውን ደስታ ነው። በዚያች ደቂቃ ሽማግሌ ልካችሁ ልጃቸውን ብትጠይቁም ይሰጧችኋል።»

አልሳቀችም። «እና ማን ይደውል? ዳላስ ውስጥ ማንም የማያውቀው አማርኛ ተናጋሪ ከየት ይመጣል? እኔ ብደውል የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል። አንተ ብትደውል ጋዜጣ ላይ ልታወጣን ነው ይላሉ።»

«ስለዚህ አንደውልም።»

«ጋሼ፣ ፍራይደይ ነው ያሉኝ። አባዬ ሸሚዙን ላውንድሪ ሰጥቷል።»

«ገና አራት ቀን አለሽ። ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሳናውቅ ግን አንድ ነገር አላትምም።»

ይህን ስል አልተቆጣሁም፤ ድምፄንም አላነሣሁም። ዶርቲ አጠገቤ መስመር ላይ ሆና የምታዳምጠኝ ያህል ነበር የምናገረው። ልጅቷ የምታጣው ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጋዜጣዬን የሚያነብ ሰው ያቺን የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚያምነው እኔን ስለሚወድ እንዳልሆነ፣ የሞተን ሞተ የዳነን ዳነ ስለምትል እንደሆነም አውቃለሁ።

የጫማ ካርቶኖች ሰብስቤ ክዳናቸውን ቀደድኩና በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለልኳቸው። ትንሽ ወረቀት አተምኩ፤ በግማሾቹ ላይ ሴናተሩ ከላይ፣ በግማሾቹ ላይ ገዥው ከላይ። ከታች ሁለት ነገር ጨመርኩ፣ እትዬ አልማዝ በስልክ ያልጠየቁትን፤ «ገና አልወሰንኩም» እና «መምረጥ አልችልም፣ ዜጋ አይደለሁም»። ስም የለም፣ ፊርማ የለም። አንደኛውን ሣጥን ታክሲ ሜዳው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሁለተኛውን ግሪንቪል ማዕዘን ያለችው ግሮሰሪ፤ ሦስተኛውን እትዬ አልማዝ የሚያመልኩበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን። ፓስተሩ ሰላም ብለው ተቀበሉኝና ነገሩ ከአዳራሹ ውጭ እንዲሆን ለመኑኝ፤ ስለዚህ እሮብ ማታ ከጸሎት በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የአንድ ቫን ኋላ ከፍተን ሠራነው። ሰብለ ከሣጥኑ አጠገብ ልትቆም ስትል ወደ መንገዱ ዳር ላክኋት። ባጁን ከደረቷ ላይ እንድታነሣም ነገርኳት። አነሣችው፤ ግን አላናገረችኝም።

ሰው ሣጥን ፊት እንዴት እንደሚሆን ያኔ አየሁ። በስልክ «ሴናተሩ ይሁን» ያለው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ራቅ ይላል፤ ጀርባውን ይሰጥሃል፤ እስክሪብቶውን በጥርሱ ይይዛል። በቀለ ቡናማ ኮቱን እንደለበሰ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነው የሞላው። ወረቀቱን አጥፎ፣ ደግሞ አጥፎ ጣለና «ይሄን ያህል ሳገባ እንኳ አላሰብኩም» አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰብለ ራሷ ባለችበት ሣጥኖቹን ከፈትን። ድምፅ መስጠት ከሚችሉት መካከል ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ተቀራራቢ ነበሩ፤ ገዥው ትንሽ ይቀድማል። ያልወሰኑትም ጥቂት አልነበሩም። ከሁሉ የበዛው ክምር ግን አራተኛው ነበር። መምረጥ አልችልም፣ ዜጋ አይደለሁም። ሰብለ ያን ክምር ብዙ አየችው።

«ይሄን ይዤ ልሂድ?» አለች።

«እኔ የማትመውን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። ሌላ ይዘሽ ብትሄጂም አልከለክልሽም። ጋዜጣዬ ላይ የሚወጣው ግን ይሄ ነው።»

የፊት ገጹን ርዕስ «ብዙዎቻችን መምረጥ አንችልም» አልኩት። ከሥሩ እንዴት እንደጠየቅን፣ የት እንደጠየቅን፣ ቤቱ የቀረው ሰው እንዳልተጠየቀ ጽፌያለሁ። ሣጥኖቻችን ያላዩትንም አብሮ መጻፍ ዶርቲ ያስተማረችኝ ነው።

ሰብለ አርብ ጠዋት ጋዜጣውን ይዛ ሄደች። የዘመቻው ሰዎች ወረቀቱን ተቀብለው አመሰገኗትና የጉዞው ሰዓት የተጣበበ መሆኑን ነገሯት። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ስደርስ ሾፌሮቹ መኪኖቻቸውን አጥበው፣ ክራባታቸውን ከመስተዋት አውርደው አንገታቸው ላይ አጥልቀው ተሰልፈዋል። ሰብለ መሀላቸው ቆማለች። ሰው ብትልክባቸው ትችል ነበር፤ ራሷ መጣች።

«አይመጣም» አለች። «አይመጣም፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን መምረጥ አንችልም። እኔ ደግሞ ሁላችሁም ትመርጡታላችሁ ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ስልክ ላይ እሺ ስላላችሁ።»

ከሾፌሮቹ አንዱ ክራባቱን ከአንገቱ አወለቀ። ከዚያ በቀለ ከኮፈኑ ላይ ተነሣ።

«ልጄ፣ ለእትዬ አልማዝ ሴናተሩን ያልኳቸው እኔም ነኝ» አለ። «ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ አልችልም ብዬ ጻፍኩ። አልችልማ።»

ሰብለ ዞራ አየችው። «አባዬ፣ ዜጋ አይደለህም? እኔ እኮ…» 

«አንቺ ተወልደሽ አይደለም ወይ እዚህ። እኔ ግሪን ካርዱን ይዤ ስንት ዘመኔ። ነገ አመለክታለሁ፣ ነገ አመለክታለሁ እያልኩ።» ኮቱን አስተካከለ። «እና ሴትዮዋ ደውለው ማንም አልሞተም ሲሉኝ ምን ልበል? በዚያች ሰዓት ለንጉሥም ቢሆን ድምፅ እሰጥ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ዳማ ተጫዋቹ ነው፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። አባቷን አቀፈችውና ወደ መኪናዋ ሄደች። ለእኔ ደህና ሁን አላለችም፤ አልጠበቅኩምም።

ገዥው ቴክሳስን አሸነፈ፤ በግዛቱ የነበረው ልዩነት ሰፊ አልነበረም። የሣጥኖቼ ውጤት በዚያ ተረጋገጠ አልልም፤ የግዛቱ ድምፅ የእኛ ድምፅ ብቻ አይደለም። የእትዬ አልማዝ ስልክ ያሳየው ጎርፍ ግን የትም አለመታየቱን ማለት እችላለሁ፤ ደግሜ ብመዝንም ያኔ የወሰንኩትን ነው የምወስነው። ጥላው በሚቀጥለው በጋ ተሠራ፤ ቆርቆሮ ነው፣ ግን ጥላ ነው። ማን እንዳሠራው በእርግጠኝነት ላረጋግጥ አልቻልኩም፤ ሾፌሮቹ ጋዜጣዋን ይዘው ወደ ኩባንያው መግባታቸውን ግን አይቻለሁ።

ሰብለ ወራት አላናገረችኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ አነሣሁ።

«ማንም አልሞተም» አለች።

ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። አባቷ የዜግነት ማመልከቻውን እንዳስገባ ነገረችኝ፤ ከዳማ ቡድኑ ብዙዎቹም አብረውት። ከዚያም ያ ሪቻርድሰን ያለው የስልክ ክፍል ሰው ይቀጥር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደ ዶርቲ ወሰድኳት። ዶርቲ የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳለቻት አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ ሁሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ያን ሳትል የጀመረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀለ ያረፈ ዕለት። ከዚያ በፊት ግን ዜጋ ሆኖ ብዙ ጊዜ መርጧል፤ ሁልጊዜ ቡናማውን ኮት ለብሶ፣ ማንን እንደመረጠ ለማንም ሳይናገር።

ማክሰኞ ፕሌኖ ሄድኩ። እትዬ አልማዝ የሚኖሩት ልጃቸው ዘንድ ነው፤ ፀጥ ያለ መንደር፣ የተከረከመ ሣር፣ ሁሉም ጋራዥ ዝግ። እድሩን ለወጣቶች አስረክበዋል፤ ዛሬ የሞት ወሬ የሚመጣው በስልክ መልእክት ነው፣ ከሥሩ የሚያለቅስ ምልክት ተለጥፎበት። እትዬ አልማዝ ይህን አይወዱትም። «ድምፅ የሌለው መርዶ ምን መርዶ ነው» ይላሉ። ጆሯቸው ከድሮው የበለጠ ከብዷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ሰብለ ታብሌቷን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ እኔ ከጎን ሆኜ የጥያቄውን አማርኛ እከታተላለሁ። አንድ ሁለት ቃል አስተካክዬላት ነበር፤ ዛሬ ሰው የሚናገረው ዓይነት ሆኗል።

«ምርጫው ዛሬ ቢሆን ከሚከተሉት ተወዳዳሪዎች ለማን ድምፅ ይሰጡ ነበር?» አለችና ስሞቹን በተጻፈው ተራ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ አነበበች።

«አንቺ የቱን ትወጃለሽ?»

«ጥያቄውን ልድገምልዎት» አለች ሰብለ።

«አይ የበቀለ ልጅ። እንደ ዳኛ ሆነሽ ቀረሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ ያኔም እንዲህ አድርገህ ነው ያስለመድካት።»

አጋጣሚውን አገኘሁና ብዙ ዓመት ስሸከመው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «እትዬ አልማዝ፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ወረቀት ጥለው ነበር?»

«ጥያለሁ። ዜጋ ነበርኩ እኮ እኔ።»

«ማንን?»

«ገዥውን ነዋ።»

ሰብለ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ገዥውን? እትዬ አልማዝ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ለሴናተሩ ሲደውሉልኝ ነበር እኮ።»

«ለሴናተሩ አልደወልኩም። ላንቺ ነው የደወልኩት። በቀለ ልጄን ይርዱልኝ ካለ እምቢ ልበል? ሰውዬውንማ በቴሌቪዥን አየሁት፤ ሲናገር ሰው አያይም። አልወደድኩትም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? የሁሉንም ጻፍሽ፤ የኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሰብለ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ እሷ። ያን ሰሞን እሷም እኔም ከእትዬ አልማዝ ጎን ተቀምጠን ስልካቸውን ስናዳምጥ ውለን ነበር፤ ከመካከላችን ሳይጠየቅ የቀረው አንድ ሰው ስልኩን የያዘው ነው። ሰብለ መሳቅ ጀመረች፤ ያኔ ታክሲ ሜዳው ላይ ያልሳቀችውን ሳቅ ጭምር የምትስቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ታብሌቷን አንሥታ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጥያቄውን ከመጀመሪያው፣ ልክ እንደተጻፈው፣ ያንንም ሳትቀንስ ይህንንም ሳትጨምር ደግማ አነበበች።

እትዬ አልማዝ ጥቂት አሰቡ።

«ይሄኛው ሣጥን የለውም?» አሉ።

ሰብለ ታብሌቷን እጃቸው ላይ አስቀመጠችና የት እንደሚነኩ አሳየቻቸው። ከዚያ ሁለታችንም ተነሥተን ወደ መስኮቱ ሄድን። ጀርባችንን ሰጥተናቸው የጎረቤቱን ሣር የሚያጠጣ ሰው ስንመለከት ቆየን፤ ከኋላችን እትዬ አልማዝ የታብሌቷን መስታወት በጣታቸው ነካ አድርገው «ጨርሻለሁ፤ አሁን ዙሩ» እስኪሉን ድረስ።